ትንፋሽ አይሸጥም

መጀመሪያ የሚሰማው ትንፋሿ ነበር።

ጉሙ ከደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ገና አልተነሣም። መንገዱ የለም፣ ባሕር ዛፉ የለም፣ የፋብሪካዎቹ አጥር የለም፤ ያለው ነጭ ነገር ብቻ ነው። አንዳርጌ ከፊት ይሮጣል። ከኋላው ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊቱን ሳያዞር ይጠይቃል።

«አለሽ?»

«ህእ!»

ቃል አይደለችም። ሰው ሲያጫውተን «አዎ፣ እየሰማሁህ ነው» ለማለት ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት፣ ከንፈር ሳትነካ ጉሮሮ ላይ የምትቀር አጭር ትንፋሽ ናት። እሷን ሲሰማ አንዳርጌ ልቡ ይረጋል። ፋንታነሽ አለች።

አሯሯጭ ወደ ኋላ አይዞርም። ሥራው ከፊት ሆኖ ነፋሱን መስበርና ፍጥነቱን መጠበቅ ነው፤ ዞሮ ካየ እርምጃው ይዛነፋል፣ የእሱ ሲዛነፍ የተከታዩም ይዛነፋል። በዚህ ምክንያት፣ ልጆች ሆነው ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ፣ ስትሮጥ አይቷት አያውቅም። የሚያውቃት በጆሮው ነው። ሲደክማት ትንፋሿ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ሲከፋት በአፍንጫዋ ብቻ ይሆናል። ከእናቷ ጋር ተጣልታ ከመጣች ኮቴዋ ይከብዳል እንጂ ትንፋሿ አይለወጥም።

አንዲት ሌላ ትንፋሽ ደግሞ አለች፤ ሳይጠይቃት የምትመጣ። ማንም ምንም ሳይላት ድንገት «ህእ!» ካለች ልትፈተለክ ነው ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት አንዳርጌ ካልፈጠነ ተረከዙን ትረግጠዋለች። ስለዚህ እሱም ሳያስበው የራሱን «ህእ» ወደ ውስጥ ስቦ ይወረወራል። እሷ ስትስብ እሱ ይስባል። ከጊዜ ብዛት የማን ትንፋሽ የማን እንደሆነ መለየት የሚቻል አልነበረም።

አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰው ሲመለሱ «ማን ሲጠራሽ ነው አቤት የምትይው?» አላት። ፋንታነሽ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ በጣቷ ወደ እግሯ አመለከተችው።

በቃል ያልመለሰችው ምስጢር በቃል ስለማይነገር ነው። በዚያ ዘመን ቃል ይሸጣል። እያንዳንዱ ሰው ከጆሮው ጀርባ ትንሽ ፍሬ ተለጥፋለታለች፤ የሚናገረውን ሁሉ ለግምት ቤቱ ታደርሳለች፤ ግምት ቤቱም በሰማው ልክ የየዕለቱን ግምት ያወጣል። ሙሽራዋ ታለቅሳለች አታለቅስም፣ ለቅሶ ቤት ማን ቀድሞ ይደርሳል፣ የጎረቤት ነፍሰ ጡር ወንድ ትወልዳለች ሴት፤ የማይገመት ነገር አልነበረም። ፍሬዋን ማውለቅ አይከለከልም። ነገር ግን ፍሬ የሌለው ሰው ውሃ አይቀዳም።

ዳቦ ቤት ሲገባ ሻጩ «ስንት ልስጥህ?» ከማለቱ በፊት «ማንን ነው?» ይላል። ገዢው በዕለቱ ያሸንፋል ብሎ የሚያስበውን ሰው ስም ይጠራል፤ ከዚያ ዳቦው ይመጣል። ስም ሳይጠራ ዳቦ የሚጠይቅ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሌላ አገር መጥቷል።

ትንፋሽን ግን ፍሬዋ እንደ ነፋስ ታልፈዋለች። የሠሯት ሰዎች የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። በእነሱ አገር ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ «አዎ» ማለት ነው ብሎ የነገራቸው የለም። እነ አንዳርጌም አልነገሯቸውም። ግምት ቤቱ የማይሰማው ቋንቋ ለሁለቱ ቀረላቸው። እንዲያውም ፋንታነሽ አንዳንዴ እየሳቀች «ትንፋሽ አይሸጥም!» ትላለች፤ ፍሬዋ ሰምታ ምን እንደምታደርገው ግራ ይገባታል እያለ እሱም ይስቃል።

ወደ ታላቁ የዓለም ጨዋታ የምትሄድ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ነገሩ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። በአሥር ሺህ ሜትር ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውስጥ ከገባች ብሔራዊ ካምፕ የራሷን አሯሯጭ ይዛ ትገባለች፤ አንዳርጌም አብሯት ይሄዳል። ካልገባች ካምፑ አሯሯጭ ይሰጣታል። አሯሯጩም ሰው አይደለም፤ መሬት ላይ እየተሳበ የሚሄድ አረንጓዴ መብራት ነው። መብራት ደግሞ «አለሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

«ትሰማኛለህ?» አለችው፤ አንድ እግሯ አውቶቡሱ ላይ ነው።

«ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል?»

«ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል።»

«ህእ» አላት።

ፋንታነሽ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ጣቷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ለማንም አትንገር ማለቷ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ ሄደ።

*

ዕድር ድሮ ለቀብር ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። አሁንም ይቀብራል። ዋና ሥራው ግን መገመት ነው። ሰፈሩ በአንድነት ይገምታል፤ ደህና የገመተ ዕድር የውሃ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሰዋል፣ የሳተ ቧንቧው እስኪዝግ ይጠብቃል። የእነ አንዳርጌ ዕድር ከክረምት ጀምሮ ሲስት ነበር። ጥሩምባው ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ አዲስ ግምት በተከፈተ ቁጥር ይነፋል። አሮጊቶቹ እስከ ዛሬ አልለመዱትም። ጥሩምባ ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማማ፤ የዋና ውድድር ተጀምሮ ነው።»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ላቀው ናቸው። ከጉልበት በላይ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ስለ ውሃ ዝላይ ግን የሚያክላቸው የለም። ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ቆመው «እንዲህ ናት!» እያሉ ክንዳቸውን አጣብቀው ያሳያሉ። «ያቺ ልጅ ስትገባ ውሃው አይረጭም። መርፌ! መርፌ ናት ስላችሁ!»

«ጋሽ ላቀው፣ ትናንትም መርፌ ብለውን በሆዷ ወደቀች» አላቸው አንዱ።

«በሆዷ የወደቀችው ሌላዋ ናት፤ ደንቆሮ!»

የዕድሩን ግምት የምትመራው ወይንሸት ናት፤ የአንዳርጌ ታላቅ እህት። እናትና አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። እታለም ይላታል። እስክትተኛ ድረስ የማትቀመጥ፣ የሰፈሩን ሕፃናት ሁሉ ስም የምታውቅ፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ የራሷን ጄሪካን ለአራስ ሰጥታ በደረቅ ጨርቅ ፊቷን የምታብስ ሴት ናት።

ማጣሪያው የተካሄደ ቀን ቤት ውስጥ አብረው ሰሙ። ሰሙ ነው እንጂ አዩ አይባልም። በሕጉ መሠረት የውድድሩ ድምፅ ወዲያው ይመጣል፤ ምስሉ ግን ግምት እስኪዘጋ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ሰው ሁሉ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ፣ ጫጫታና ኮቴ እያዳመጠ፣ ምን እየሆነ ነው ብሎ ይገምታል። ወይንሸት ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። አንዳርጌ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የብዙ ሴት ትንፋሽ ተደባልቋል፤ እንደ ወንዝ ነው። ከወንዙ ውስጥ አንዷ ጠብታ ወጣች።

ህእ!

አንዳርጌም ሳበ። ተቀምጦ ሳለ እግሩ ተወራጨ። ወዲያው ከዚያ ማዶ የውድድሩ ተናጋሪ «ኢትዮጵያዊቷ! ኢትዮጵያዊቷ ወጣች!» ብሎ ጮኸ።

የወይንሸት እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ድንጋይ አገኘሽ እንዴ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«ህእ» አለች።

*

የፍጻሜው ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሕፃን ያዘለች፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ከሥራ ያልገባ። ባዶው ጄሪካን በር ላይ ተደርድሯል፤ ምናልባት ብለው ነው። ወይንሸት አንዳርጌን እጁን ይዛ መሀል ለመሀል አሳለፈችውና ፊት ለፊት፣ የጋሽ ላቀው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እታለም፣ የዳኛ ወንበር እኮ ነው።»

«አብሮ አደግህ አይደለችም የምትሮጠው? ዛሬ የክብር እንግዳ አንተ ነህ። ተቀመጥ በሞቴ።»

ጋሽ ላቀውም አልተቆጡም። እንዲያውም ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ደረቡለት፤ ይህም ገረመው። «አንተ ነፋስ ሰባሪ፣ ዛሬ ቅር እንዳይልህ» አሉት። ከፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ የዕድሩ ክብ ቁልፍ አለች፤ የሰፈሩ ግምት የሚጸናው እሷ ስትጫን ነው። ወይንሸት ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ሲያይ እሷ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ መዳፏን ቁልፏ ላይ አኖረች። እንዳይጨነቅ ብላ ነው የምታየኝ ብሎ አሰበ። ሲታመም እንዲህ ነበር የምታየው፤ እንቅልፍ እስኪወስደው። ፈገግ አለላት። እሷ አልሳቀችም።

ጥሩምባው ተነፋ። ግድግዳው ባዶ ነው። ሽጉጥ ተተኮሰ፣ ኮቴ ጀመረ።

አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። አዳራሹ ጠፋ፤ ጉሙ መጣ። ከኋላው አለች። «አለሽ?» አላት በልቡ። ኮቴዋን ከሌላው ኮቴ ለየው፤ ቀላል ነው፣ ዛሬ ከማንም ጋር አልተጣላችም። ትንፋሿ በአፏ ነው። አልከፋትም። ዙሩ አለፈ፣ ሌላ ዙር አለፈ፤ ተናጋሪው ሳያቋርጥ ያወራል፣ የሕዝቡ ጩኸት እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከዚያ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ አፉን በጡቷ ያዘችው።

አልተፈተለከችም። እየጠበቀች ነው። ሌሎቹ ይንኮሻኮሻሉ፤ እሷ ገና ናት። ቆይ። ቆይ።

ህእ!

«ህእ!» አለ አንዳርጌ።

የወይንሸት መዳፍ ቁልፏ ላይ ወረደ።

ዓይኑን ሲገልጥ አዳራሹ ቆሟል። «አሁን! አሁን ብለናል!» ይላሉ ጋሽ ላቀው፤ ክንዳቸው እንደ ውሃ ዘላይ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ተናጋሪው ማዶ ላይ «ኢትዮጵያዊቷ!» አለ። ግምቱ ያዘ። ዕድሩ ያለ የሌለውን የውሃ ተራ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ፣ «አሁን» በሚለው ላይ ጥሎት ነበር፤ ትፈተለካለች፣ አሁን። ተፈተለከችም። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ አንዳርጌን ከነወንበሩ ብድግ አደረገው። አንዳርጌ የሚጮኸው ሰው ሁሉ ለፋንታነሽ የሚጮህ መስሎት እሱም ሳቀ፤ እንባም መጣው። ደረሰች፣ ገባች፣ ካምፕ ልንገባ ነው ብሎ።

ከዚያ ምስሉ መጣ።

የሯጮቹ ጆሮ ውስጥ የአሠልጣኞቻቸው ድምፅ አለ። በአሠልጣኞቹ ፊት ደግሞ ግምቱ ይሮጣል። ከደብረ ብርሃን አንድ ዕድር ያለውን ሁሉ «አሁን» ላይ ሲጥል ግምቱ እንደ ተመታ ፈረስ ዘለለ፤ ዓለም ሁሉ አየው። ግድግዳው ላይ ፋንታነሽ ወደ ቀኝ ልትወጣ እግሯን ስታነሣ ይታያል። እግሯ መሬት ሳይነካ ቢጫ የለበሰችው ልጅ ወደ ቀኝ ዘጋች። ኋላዋን አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም። ፋንታነሽ ወደ ግራ ስትል ሌላዋ ዘጋች። ተንገዳገደች። ሦስት ጀርባዎች ከፊቷ እየራቁ ሄዱ፤ አራተኛ ሆና ገባች።

ግድግዳውን የሚያየው አንዳርጌ ብቻ ነበር። ውጭ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስሎ ተንደቀደቀ።

«ውሃ! ውሃ መጣ!»

አዳራሹ በአንድ በር ፈሰሰ። ጄሪካን ከጄሪካን ይጋጫል፤ ጋሽ ላቀው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ቧንቧው ሥር አደረጉና እንደ ልጅ ጮኹ። ውስጥ የቀሩት እህትና ወንድም ብቻ ናቸው።

«እታለም» አላት። «ግድግዳውን አላየሽም።»

«አላየሁም።»

«ምን ነበር የምታዪው?»

«አንተን።»

ጋቢው ከትከሻው ወረደ፤ አላነሣውም።

«ምስር የምትለቅሚ ቀን። ድንጋይ አገኘሽ ስልሽ…»

«አንዳርጌ፣ ስማኝ…»

«በትንፋሽ ዋሸሽኝ።»

ወይንሸት ተነሥታ ወደ እሱ መጣች፤ እጇን ወደ ፊቱ ስትሰድ ወደ ኋላ ሸሸ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩህ» አለች። «መተኛትህንም፣ ማተኮስህንም፣ መዋሸትህንም በትንፋሽህ ነው የማውቀው። ለሌላ ሰው አልነገርኩም፤ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ትንፋሽ አይሸጥም አይደል የምትሉት? አልሸጥኩም።»

«ጋሽ ላቀው ጋቢያቸውን ለምን ደረቡልኝ ታዲያ?»

ወይንሸት ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጋቢ አንሥታ አጠፈችው።

«እሷስ እታለም?»

«አራተኛ መውጣት ሞት ነው እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «በዚህ ሰፈር ስንት አራስ እንዳለ ታውቃለህ? የጎረቤታችን የብርቄ ልጅ ውሃ ጠፍቶ እንደ ሞተ ረሳኸው? ያንተ ፋንታነሽ ሮጣ ታመልጣለች፤ እነሱ ወዴት ይሩጡ?» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለአንተም ቀድቻለሁ። ሄደህ ታጠብ» አለችው።

ከውጭ የውሃው ድምፅ ይሰማል። በልጅነቱ የሚወደው ድምፅ ነበር።

*

በማግሥቱ ግምት ቤቱ ምስሉን ለቀቀው። በአንድ ወገን ፋንታነሽ እግሯን ስታነሣ፣ በሌላው ወገን በአዳራሹ ካሜራ የተያዘው አንዳርጌ ዓይኑን ጨፍኖ አፉ ትንሽ ተከፍቶ ትንፋሽ ሲስብ። ሁለቱም የሆኑት በአንድ ቅጽበት ነው። ከሥሩ «ጆሮው» የሚል ጽሑፍ አለ። ዓለም ሁሉ ተመለከተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮ ጀርባ ያለችው ፍሬ ትንፋሽም መስማት ጀመረች።

ዳቦ ቤት ሲገባ ሻጩ «ማንን ነው?» አላለውም። «ጆሮው! ያንተማ ያለ ጥያቄ ነው» ብሎ ትኩሱን መርጦ ሰጠው። አሮጊቶች መንገድ ላይ ጉልበቱን ሊስሙ ጎነበሱ። ወጣቶች ሲያልፍ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ «ህእ! ህእ!» ይሉታል፤ ማድነቃቸው ነው። ወይንሸት ራቱን እያቀረበችለት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ታየዋለች። ይበላል። አያናግራትም።

ፋንታነሽ ስትመለስ ዕድሩ በጥሩምባ ተቀበላት። ጋሽ ላቀው ንግግር አደረጉ፤ ስለ ጽናት ተናገሩ፣ በመሀል የውሃ ዝላይም ገባበት። እሷ እጅ እየነሣች «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ እናቷ ቤት ገባች። አንዳርጌ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ስታልፍ ዓይኗ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ዘወር አላደረገችውም፣ አላቆየችውም። ሰው በር ወይም ዛፍ እንደሚያይ ነበር ያየችው።

በማግሥቱ ማለዳ መንገዱ ላይ ወጣ። አልተቀጣጠሩም። ብቻ እንደ ወትሮው ባሕር ዛፉ አጠገብ ቆሞ ጫማውን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ጉሙ ቀድሞ መሳሳት ጀምሯል። ኮቴ ሰማ። ቀላል ኮቴ ነው። አልዞረም። እንደ ልማዱ ከፊት መሮጥ ጀመረ፤ ኮቴውም ከኋላው ገባ።

መጣች።

ሊነግራት ፈለገ። አላወቅኩም ሊላት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ከጉሙ ውስጥ ነበርን፣ አንቺና እኔ ብቻ ነበርን ሊላት። ቃል ግን ይሸጣል። አሁን የሚናገረው ሁሉ ነገ ጠዋት ዳቦ ቤት ይደርሳል፤ ይቅር ትለዋለች አትለውም ተብሎ ግምት ይወጣበታል። ስለዚህ የሚያውቀውን ብቻ ጠየቀ።

«አለሽ?»

ኮቴ ብቻ።

ባሕር ዛፉን አለፉ። የፋብሪካው አጥር መጣ። ነፋሱ ከፊት ነበር፤ ደረቱን ሰጥቶ ሰበረላት።

«አለሽ?»

ኮቴ ብቻ። ትንፋሿን ይዛለች፤ ይሄን ያህል ርቀት ትንፋሽ ይዞ መሮጥ እንደማይቻል ያውቃል፣ ቢሆንም ምንም አይሰማም። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣ ሳትጠራው፣ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበ። ህእ። አለሁ እንደ ማለት፤ ይቅርታም እንደ ማለት። ከጆሮው ጀርባ ፍሬዋ ትንሽ ሞቀች። ሰምታለች።

ከኋላው ያለው ኮቴ ዘገየ። ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ።

አንዳርጌ ዞረ።

ጉሙ ተነሥቷል። ወደ ቆላ መውረጃው በሚወስደው መንገድ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ እየሮጠች ትሄዳለች። በዚያ ሁሉ ዓመት የእሱን ጀርባ ያየችው እሷ ነበረች፤ የእሷን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እየራቀች ሄደች። ስትሮጥ ግራ ትከሻዋን ትንሽ ዝቅ እንደምታደርግ እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቅም ነበር።